የዘይት ጣሳው እንዚራ

ወንድምጋሼ በ1980 ዓ.ም. ክረምት ከደብረ ብርሃን ሲመጣ ከከረጢቱ ያወጣው ዕቃ ቤተሰቡን ሁሉ ግራ አጋባ። እናታችን ስኳር ጠብቃ ነበር፤ ቢጠፋ ቢጠፋ ሳሙና። የወጣው ግን ገመዱ የተበጠሰ ጥቁር የስልክ እጀታ፣ እንደ እባብ የተጠመጠመ የብስክሌት ፍሬን ሽቦ፣ ሆዱ የተዘረገፈ ሬዲዮና ሁለት ክንድ የማይሞላ የኤሌክትሪክ ገመድ ነበር። እኛ ቀበሌ ያኔ ስልክ የለ፣ ብስክሌት የለ፣ መብራት የለ። የሚጋለበው ፈረስ፣ የሚበራው ኩራዝ፣ መልእክት የሚያደርሰው እግር ነው።

«ይኼን ሁሉ ተሸክመህ ያን ዳገት የወጣኸው ለምንህ ነው?» አለችው።

«ጊታር ልሠራ ነው እማዬ።»

«ይበላል?» አለችና መልሱን ሳትጠብቅ ወደ ጓዳ ገባች።

ቤታችን መንዝ ውስጥ፣ ከመሃል ሜዳ ወደ ጓሳ በሚወስደው በኩል ነው። ግድግዳው ድንጋይ፣ ክዳኑ የጓሳ ሣር። ክረምት ሲገባ ጉሙ ደጃፉን አልፎ ምድጃው ዳር ድረስ ይዘልቃል፤ ሰዉ ባናውን ተከናንቦ እሳቱ ዙሪያ ይኮማተራል። ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3 ሺህ 200 ሜትር ይጀምራልና በሐምሌ ጣት እንኳ ለባለቤቱ አይታዘዝም። ዛፍ እንደ ልብ የለም። ከፍ ያለው ቦታ አስታና ጅብራ ነው፤ ከቤት አጠገብ ደግሞ ያው ባሕር ዛፍ። ይህን የምለው አገሬን ላስጎበኝ ብዬ አይደለም፤ የጊታሩ መነሻ ወንድምጋሼ ቀድሞ የሠራው ክራር ነውና፣ እንጨት በሌለበት አገር ክራር መሥራት ምን ማለት እንደሆነ እንዲታወቅልኝ ነው። የክራር ገበቴ ከዋንዛ ቢፈለፈል ደግ ነው ይላሉ የሚያውቁ። ዋንዛ ግን ወደ ቆላው ነው፤ ወደ ጀማ ወረዳችሁ፣ ወደ መርሐቤቴ ተሻግራችሁ። ለዓለም ከተማ ገበያ የሚወርድ ሰው ጨው ያመጣልሃል እንጂ ለእረኛ ልጅ ግንድ አይሸከምልህም። ስለዚህ የመንዝ እረኛ ክራር ሲያምረው ዓይኑ የሚያርፈው ጣሳ ላይ ነው።

ጣሳውም ከቤት ነበረ። በ1977ቱ ድርቅ የመጣ የርዳታ ዘይት ጣሳ ነው፤ 4 ሊትር የሚይዝ፣ ባለ አራት ማዕዘን። ፊቱ ላይ ጋሻ ተሥሏል፤ ጋሻው ውስጥ ሁለት እጆች ተጨባብጠዋል። ስለዚያ ዓመት ብዙ ማለት አልፈልግም። ይህን ብቻ ልናገር፦ እማማ፣ አያቴ ማለት ነው፣ ዘይቱ ካለቀ በኋላ ጣሳውን የተልባ ማስቀመጫ አደረገችው፤ ቆይታ ደግሞ የሱፍ ፈትል ከተተችበት። ታዲያ ሁልጊዜ ሥዕሉን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር የምታስቀምጠው። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ በደንብ መዞሩን ሄዳ ታይ ነበር።

ወንድምጋሼ ለምኗት ለክራር ሲወስደው ያ ሥዕል ወደ ሰው ዞረ። አፉን አልከፈተውም፤ ዘይቱ የሚቀዳበት ቀዳዳ ራሱ የድምፅ መውጫ ሆነለት። ሁለት የባሕር ዛፍ ቋሚ በግራና በቀኝ ሰካ፣ ከላይ ቀንበር አጋደመ፣ መጋጠሚያውን በጓሳ ሣር ገመድ ጠፍሮ አሰረ። ስድስት መቃኛ ከወይራ ፍላጭ ጠረበ። ያኔ ገና አሥራ አራት ዓመት አልሞላውም። ዘጠነኛ ክፍል ገብቶ እንግሊዝኛ መቁጠር ሲጀምር ነው ጣሳው ላይ የተጻፈውን ለቤተሰቡ ጮክ ብሎ የተረጎመው፦ መሸጥም መለወጥም ክልክል ነው። አባባ፣ ወንዱ አያቴ፣ ሲስቁ ትን አላቸው። «መለወጥ ክልክል?» አሉ። ጣሳው ያኔ አራተኛ ሥራው ላይ ነበር።

እኛ ዘንድ እንዲህ ነው። የትምህርት ቤታችን ደወል የጭነት መኪና ቸርኬ ነው። ኩራዙ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ። የአባቴ ጫማ ጎማ። ዛሬ አዲስ አበባ ላይ ይኸው ነገር መልሶ መጠቀም ተብሎ ዐውደ ርእይ ይከፈትለታል፤ ሥዕል ቤት ውስጥ ከአምፖል ሥር ቆሞ ይጎበኛል። እኔም ሄጄ አይቼ አውቃለሁ። ቅር ያለኝ ነገር ቢኖር አንድ ነው፦ ዕቃው መቼ እንደተጣለ አልገባኝም። ለኛ አሮጌ የሚባል ጣሳ አልነበረም፤ ሥራ የፈታ ጣሳ ነው የነበረው።

አባባ በገና ይደረድሩ ነበር። በገናቸው ከራስጌያቸው ተሰቅሎ ይከርማል፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ ይወርዳል፣ ለፍልሰታም አንዳንዴ። ለእርሳቸው በገና ጸሎት ነው፤ ክራር ደግሞ ጨዋታ፣ ያውም የስካር ጨዋታ። ሁለቱን በአንድ አፍ አይጠሯቸውም። አውታሮቹን የሚሠሩት ግን ራሳቸው ናቸውና በፋሲካ በግ በታረደ ቁጥር ቤቱ ውስጥ ሁለት ሥራ ነበር፤ የሴቶቹ ወጥ፣ የአባባ አንጀት። አንጀቱ ይገለበጣል፣ ይታጠባል፣ በቢላዋ ጀርባ ስቡ እስኪጠራ ይፋቃል፣ ይከረራል፣ ከዚያ በሁለት ካስማ መካከል ተወጥሮ ጥላ ላይ ይደርቃል። ፀሐይ ካገኘው ይሰነጠቃል። የኔ ሥራ ድመቷን ማባረር ነበር። ለአሥሩ አውታር የሚበቃው ከተመረጠ በኋላ የተረፈው፣ የቀጠነውና የተቋጠረው፣ ለወንድምጋሼ ጣሳ ይሆናል። ይህን አባባ እያወቁ እንዳላወቁ ያልፉት ነበር።

ወንድምጋሼን ያሳበደው ግን በገናም ክራርም አይደለም። መሃል ሜዳ ለገበያ ስንወጣ ሻይ ቤቱ ውስጥ ቴፕ ይጮኻል። ያኔ ካሴቱ ሁሉ የሮሃ ባንድ ነው ማለት ይቻላል፤ ዘፋኙ ይለዋወጣል እንጂ ከኋላ ያለው ባንድ ያው ነው። እሱ ዘፋኙን አይሰማም። ከዘፋኙ ትንፋሽ መሐል ብቅ የምትለዋን ጊታር ነው የሚጠብቃት። የሚጫወተው ሰላም ሥዩም መሆኑን ከካሴቱ ሽፋን አንብቦ ለእኔም አስጠንቶኛል። «ክራር እኮ ናት፤ ኤሌክትሪክ የጠጣች ክራር» ይለኝ ነበር። ደብረ ብርሃን አክስታችን ዘንድ ሆኖ መማር ሲጀምር ደግሞ ከገበያው ዳር አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ወዳጅ አበጀ። ያ የስልክ እጀታ፣ ያ ሬዲዮ የሰውዬው ስጦታ ነው። ሬዲዮው ጣቢያ መያዝ ትቷል፤ ድምፅ የሚያጎላው ክፍሉ ግን ደኅና ነው። ጠጋኙ ከድምፅ መጨመሪያው እግር ላይ ሁለት ሽቦ ዝፍት የመሰለ ቆርቆሮ አቅልጦ በየደ፣ የሽቦዎቹን ሌላ ጫፍ ከስልኩ ጆሮ ጋር አገናኘና «በል እንግዲህ፣ ምን እንደምታሰማው አንተ ታውቃለህ» ብሎ ሰደደው።

ያ ምሽት እንደ ትናንት ነው የማየው። ስድስት ባትሪ ድንጋይ ያስፈልግ ነበር። አራቱ የአባቴ የእጅ ባትሪ ውስጥ የነበሩና የደከሙ ናቸው፤ ሁለቱ አዲስ። የደከመ ባትሪ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ትንሽ ነፍስ ይዘራል፤ ሐምሌ ላይ ፀሐይ ከየት ይመጣል? ምድጃ ዳር ደርድረን እንደ እንቁላል እያገላበጥን አሞቅናቸው። ወንድምጋሼ ጣሳውን ጭኑ ላይ አደረገ። እኔ ከስልኩ እጀታ የተፈለቀቀችውን ክብ ዕቃ፣ የፊቷ ስስ ቆርቆሮ የተነሣላትን፣ በሁለት ጣቴ ይዤ ከክሮቹ ሥር አስጠጋኋት። መታ።

ምንም። ጣሳው የለመደውን የራሱን ድምፅ አሰማ፤ ሬዲዮው ዝም። ደግሞ መታ። ዝም። እኔ ባትሪውን አማሁ፣ እሱ እኔን። «አጠጋት!» አጠጋኋት። «አትንካት!» አራቅኋት። ከጓዳ እናቴ «ይበላል ወይ ብዬ ነበር» አለች።

ሊያጠብቅ ብሎ ሰንጢውን ሲያነሣ ነው ነገሩ የተገለጠው። ሰንጢው ገና ወደ ስልኩ ጆሮ ሲቀርብ ሬዲዮው «ጠቅ» አለ። ቆመ። አራቀው፤ «ጠቅ»። በጣቱ ነካት፤ ዝም። በእንጨት ነካት፤ ዝም። እንደገና በሰንጢው፤ «ጠቅ»። ፊቱ ላይ የወጣውን ነገር ዛሬም አልረሳውም። «ብረት ነው የምትሰማው» አለኝ። «አንጀት አይሰማትም።»

እውነቱን ነው። የኤሌክትሪክ ጊታር ሚስጥር ሁሉ እዚች ላይ ነው ያለው። ማግኔት አለ፤ ማግኔቱን ከፀጉር የሳሳ የመዳብ ሽቦ ብዙ ሺህ ጊዜ ይዞረዋል፤ በዛሬዎቹ የፋብሪካ ጊታሮች ላይ 7 ሺህ፣ 8 ሺህ ዙር የተለመደ ነው። ከላዩ የብረት ክር ሲንቀጠቀጥ የማግኔቱን ኃይል ያውከዋል፤ የታወከው ኃይል በመዳቡ ውስጥ ደካማ ኤሌክትሪክ ይቀሰቅሳል፤ ማጉያው እሱን አንሥቶ ድምፅ ያደርገዋል። የስልክ ጆሮም ያው ማግኔት፣ ያው ጥቅል ሽቦ ነው፤ ሥራው ወዲያ ሆኖ ነው እንጂ ወዲህም ይሄዳል። አንጀት ግን ብረት አይደለም። የሰው አንጀት ይበላል እንጂ ማግኔት አያውቀውም።

በማግስቱ የፍሬን ሽቦውን ፈታን። የፍሬን ሽቦ ከላይ ሲያዩት አንድ ወፍራም ገመድ ነው፤ ጫፉን በድንጋይ ቀጥቅጠህ ስትተረትረው ግን ከውስጡ የሚወጣው ከአሥር የሚበልጥ ቀጭን ክር ነው። እየተጠማዘዘ ይወጣል፣ ይወጋል፣ ጣት ይሰነጥቃል። በሐምሌ ብርድ የተሰነጠቀ ጣት እስከ መስከረም አይድንም። ስድስቱን ወጠራቸው። ብረቱ የወይራውን መቃኛ እየበላ ይንሸራተታልና መቃኛዎቹን አመድ ነሰነሰባቸው። የስልኩን ጆሮ በምን እናጣብቃት ብለን ሰም ስናቀልጥ፣ እሷ ራሷ ከእጁ ሾልካ ጣሳው ላይ ልጥፍ አለች። ማግኔት አይደለች? ጣሳው ብረት አይደለ? ሁለታችንም ፈዘን ቀረን። የተጨባበጡት እጆች ላይ ነው ያረፈችው። ብርኩማውን፣ ክሮቹ የሚያርፉበትን ማለት ነው፣ ከፍ አደረገና ክሮቹን ወደ እሷ አሰባሰባቸው።

መታ።

ድምፁን እንዴት ልንገራችሁ። ተርብ የገባበት ጋን አስቡ። መሐለኞቹ ሁለት ክሮች በቀጥታ ከማግኔቱ በላይ ስለሚያልፉ ይጮኻሉ፤ የዳሮቹ ያንሾካሽካሉ። ጣሳው አብሮ ይርገበገባል፣ ክሩ ሲንቀጠቀጥ ማግኔቷን ለኮፍ እያደረገ «ዝዝዝ» ይላል። ሬዲዮውን ወደ ጣሳው ስናስጠጋው ደግሞ ማንም ሳይነካው ብቻውን ማላዘን ይጀምራል፤ እናቴ ወንጌል ጠርታ አማተበች። እኔ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ወንድምጋሼ ግን ፊቱ ጠቆረ። እሱ የሚጠብቀው የሰላም ሥዩምን ጊታር ነው፤ የጠራ፣ እንደ ጠብታ የሚወርድ። የወጣለት የሚያጉረመርም ነገር ነው። ሦስት ቀን ያንን ጉርምርምታ ሊያጠፋ ታገለ። ጣሳው ውስጥ የእማማን ሱፍ ጠቀጠቀ። ጠርዙን በሰም ደፈነ። ከማግኔቷና ከክሩ መካከል የቆዳ ቁራጭ ሸጎጠ። ቆዳው ደግሞ ይባስ አደረገው።

አባባ በዚያ ሁሉ ጊዜ አልተናገሩም። ፍልሰታ ገብቶ ነበርና ዘፈን እንዳይሰሙ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ዳዊታቸውን ይደግማሉ። በሦስተኛው ማታ መጽሐፉን አጠፉና ዞር አሉ።

«አንተ ልጅ፣ እንዚራውን በምን ሠራኸው?»

«እንዚራ የለውም አባባ። ተበላሽቶ ነው።»

«ምን ይበላሻል! እንዚራው እየተናገረ» አሉ።

በገና ያላየ አንባቢ ይኖራልና እዚህ ላይ ልቁም። እንዚራ ማለት በበገናው ብርኩማ ላይ ከእያንዳንዱ አውታር ሥር የምትሸጎጥ እጥፍ ያለች ትንሽ ቆዳ ናት። አውታሩ ሲደረደር ቆዳዋን ለጥቂት ይነካታል፤ ያ የበገና ጥልቅ ጉርምርምታ፣ ደረት ውስጥ ገብቶ የሚቀረው፣ ከእርሷ ነው የሚወጣው። ቆዳዋ ጥቂት ከራቀች አውታሩ ደረቅ ይሆናል፤ ጥቂት ከበዛች ይታፈናል። አባባ ከመደርደራቸው በፊት ሩብ ሰዓት የሚፈጅባቸው ቅኝቱ ሳይሆን እንዚራው ነበር፤ በጥፍራቸው ገፋ፣ መለስ፣ ገፋ። የአለሙ አጋን በገና በ«ኢትዮፒክስ» 11ኛ ጥራዝ ላይ የሰማ ሰው የምለውን ያውቃል። ያ ድምፅ ጉድለት አይደለም። ታስቦበት፣ ተለክቶ የሚሠራ ነው። አገሬው የጠራ ድምፅ ማውጣት አቅቶት አይደለም፤ ጸሎቱን በሚያጉረመርም ድምፅ ማድረስ መርጦ ነው።

አባባ እጃቸውን ዘረጉና ጣሳውን ተቀበሉ። ክራር በእጃቸው ሲይዙ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሱፉን በቀዳዳው ጎትተው አወጡ። ወንድምጋሼ የሸጎጣትን ቆዳ ጥቂት ወደ ኋላ ሳቧት። መሐለኛውን ክር አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ በሌባ ጣታቸው ነኩት። ሬዲዮው እንደ ንብ መንጋ አለና ቀስ ብሎ ረገበ። ጆሯቸውን አዘንብለው እስኪጠፋ ጠበቁ። ከዚያ መቃኛዎቹን አንድ በአንድ ነክተው ትዝታ ላይ አስተካከሉና መለሱለት።

«ዘፈኑን ከነሐሴ 16 በኋላ» አሉት። ወደ ዳዊታቸው ተመለሱ።

ለእንቁጣጣሽ ሰፈሩ ሁሉ እኛ ቤት ነበር። ሦስተኛው ዘፈን ሳይጋመስ ባትሪው ደከመና ድምፁ እንደ በሽተኛ እየሰለለ ሄደ፤ ሰዉ ግን በጭብጨባ ያዘለትና ጣሳው ያለ ሬዲዮ ጨረሰው። ወንድምጋሼ ዕቃውን በባና ጠቅልሎ ደብረ ብርሃን ይዞት ሄደ። እዚያ መብራት አለ። መብራት ደግሞ የራሱን ጣጣ ይዞ መጣ፤ ጠጋኙ ሬዲዮውን ከሶኬት በሚሠራ ማጉያ ለውጦለት ሲሰካው ክሩ ሳይነካ ከበስተጀርባ የማያቋርጥ «ኡምምም» ተሰማ። የመብራቱ ኃይል በሰከንድ 50 ጊዜ ሲመላለስ ጥቅል ሽቦው እሱንም እየሰማው ነው። መንዝ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም፤ የሚሰማ መብራት ስላልነበረ። ወንድምጋሼ ያንን ኡምታ ጠላው። ከእንዚራው ጋር ታርቋል፣ ከዚህኛው ጋር አልታረቀም።

አንድ የኪነት ቡድን ነበር፤ ልሳተፍ ብሎ ጣሳውን ይዞ ሄደ። ኃላፊው ከላይ እስከ ታች አዩትና «ይህን ቆሻሻ መድረክ ላይ አታወጣብንም» አሉት። የጋሻውን ሥዕል አይተው ይሁን፣ ዝገቱን፣ አላወቀም። የነገረኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ያውም እየሳቀ። በ1982 ዓ.ም. ብሔራዊ ውትድርና ሄደ። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን በእግሩ ገባ። ጣሳው እናቴ ባስቀመጠችበት ቆጥ ላይ ነበር። አየው፣ አላወረደውም። እኛም አልጠየቅነውም።

እኔ ለትምህርት አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ ነው የኛ ጣሳ ብቻውን እንዳልነበረ ያወቅሁት። አሜሪካዊው ሌስ ፖል፣ ስሙ በጊታር ላይ የቀረው ሰው፣ በልጅነቱ ከባቡር ሐዲድ ቁራጭ ላይ ክር ወጥሮ ከሥሩ የስልክ ጆሮ እንዳስቀመጠ ይተርክ ነበር። ይህን ሳነብ ብድግ ብዬ ክፍሉ ውስጥ ተንጎራደድሁ። የስልክ ጆሮ! በ1930ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ የወጣው የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ጊታርም ቅርጹ መጥበሻ ስለሚመስል ሰዉ «መጥበሻ» ብሎ ነው የጠራው። የኩዊኑ ብራያን ሜይ ደግሞ ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአባቱ ጋር ሆኖ ከአሮጌ የእሳት ማንደጃ እንጨት፣ ከሞተር ሳይክል ሞላና ከእናቱ የሹራብ መሥሪያ ዘንግ ጊታር ሠራ፤ ዕድሜውን ሁሉ በዓለም መድረኮች ላይ የተጫወተው በዚያው ነው። ለርሱ ቆሻሻ ነው ያለው ኃላፊ አላጋጠመውም፤ ወይም አጋጥሞት አልሰማውም።

ከሁሉ ልቤን የነካው ግን የቲናሪዌኑ ኢብራሂም አግ አልሐቢብ ነው። የሰሐራ ቱዋሬግ ነው፤ ልጅ ሳለ ፊልም ላይ ካውቦይ ጊታር ሲጫወት አይቶ የመጀመሪያ ጊታሩን ከጣሳ፣ ከዱላና ከብስክሌት ፍሬን ሽቦ ሠራ። ፍሬን ሽቦ! በረሃና ደጋ፣ ግመልና ፈረስ፤ ሽቦው ያው ነው። ቡድኑ በ2012 እ.ኤ.አ. የግራሚ ሽልማት ወሰደ። ኪንሻሳ ላይ ደግሞ ኮኖኖ ቁጥር አንድ የሚባሉት አሉ፤ ማዋንጉ ሚንጊዬዲ የመሠረተው ቡድን ነው። በአውራ ጣት የሚመታውን ባለ ብረት ምላስ መሣሪያቸውን፣ ሊኬምቤን፣ ከወዳደቀ መኪና በለቀሙት ማግኔት የኤሌክትሪክ አደረጉት። ድምፁ እንዲጎላ ነበር ሐሳባቸው፤ የወጣላቸው ግን የሚያጉረመርም፣ የሚርገበገብ ነገር ነው። አላጠፉትም። በ2004 እ.ኤ.አ. «ኮንጎትሮኒክስ» ብለው ሲያሳትሙት የአውሮፓ ሰው ያበደው በዚያው ጉርምርምታ ነው። እነርሱም ዘንድ አንድ አባባ ነበሩ ማለት ነው።

የኛም ክራር ቢሆን እቤት አልቀረም። ሙላቱ አስታጥቄ አሜሪካ በሃርቫርድና በኤም አይ ቲ በነበረበት ጊዜ ክራሩን ከአምስቱ ድምፅ አልፎ እንዲሄድ ለማድረግ ሠርቷል። ለንደን ያለው ተመስገን ዘለቀ ደግሞ በ«ክራር ኮሌክቲቭ» ክራሩን ከማጉያ ጋር አገናኝቶ እንደ ሮክ ጊታር ያስጮኸዋል፤ በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣውን አልበማቸውን ለወንድምጋሼ በስልክ አሰምቼዋለሁ። እስከ መጨረሻው ዝም ብሎ ሰማ። «መሐለኛው ክር ጥሩ ነው» አለኝ። ሌላ ምንም አላለም። ደብረ ብርሃን ላይ በያጅ ነው፤ በርና መስኮት ይሠራል።

እንግዲህ ጥፋቴን ልናገር። ወንድምጋሼን ላስደስተው ብዬ አምስት ዓመት ይሆነዋል፣ ጣሳውን እንደነበረ ልሠራለት ተነሣሁ። መርካቶ ምናለሽ ተራ ገባሁ። በርሜል ምድጃ ሲሆን፣ ጎማ ጫማ ሲሆን፣ የመኪና ሞላ ማረሻ ሲሆን የሚታየው እዚያ ነው፤ መዶሻው ጆሮ ያደነቁራል፣ ለኔ ግን የሠፈሬ ድምፅ ነው። ቆራሌው ከየመንደሩ የሰበሰበው ሁሉ መጨረሻው እዚያ ነውና አሮጌ ስልክ፣ የፍሬን ሽቦ፣ ጣሳ አላጣሁም። ጊታር ጠጋኝ የሆነ ጎበዝ ልጅ በአሪፍ ማጉያ አገናኘልኝ። ልጁ በሙያው ኮራ ያለ ነው፤ ጣሳውን ውስጡን በስፖንጅ ሞላው፣ ማግኔቷን በልኩ አራቃት፣ ኡምታውንም ሽቦ ወደ ምድር አውርዶ ገደለው። ጥርት ያለ ድምፅ ወጣ። ወንድምጋሼ በአሥራ ስድስት ዓመቱ ሲመኘው የነበረው ማለት ነው። ይዤለት ሄድኩ። ሁለት ጊዜ መታው፣ አገላብጦ አየው።

«እንዚራውን አወጣችሁበት» አለኝ።

ለልጆቹ ሰጣቸው። ይጫወቱበታል።

የአባባ በገና ከሞቱ በኋላ ለደብሩ ተሰጥቷል፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ አሁንም ይደረደራል። የመንዙ ጣሳ ከቆጡ ሲወርድ ዝገት ሥሩን በልቶት ነበር። ከተጨባበጡት እጆች አንደኛው ደብዝዟል፤ ሌላው ይታያል። ቋሚዎቹን እናቴ የዶማ እጀታ አድርጋቸዋለች። የስልኩ ጆሮ እኔ ዘንድ ነው፤ ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ፣ ቁልፍና መርፌ ተለጥፎባት። ባለፈው ሰኔ ቴስተር ገዝቼ ሁለቱን ጫፍ ለካሁ። ሽቦው አልተበጠሰም።